ጥሩ ሲአርቲ ሞኒተር በትንሽ ገንዘብ፦ ከመክፈልዎ በፊት የሚያዩትና የሚሞክሩት

ሲአርቲ፣ ማለትም ያ ጀርባው ረጅም፣ ፊቱ ወፍራም መስታወት የሆነው ከባድ የኮምፒዩተር ሞኒተር፣ ዛሬ ከካርቶን የሚወጣ አዲስ ዕቃ አይደለም። ትልልቆቹ አምራቾች ሥራውን ትተው ወደ ጠፍጣፋው ስክሪን ከዞሩ ቆይተዋል። ገበያ ላይ የሚያገኙት ሁሉ ሌላ ሰው የተገለገለበት ነው። ሆኖም አሁንም በምክንያት የሚፈልጉት ሰዎች አሉ፤ ደህናውም ገና አላለቀም።

ያገለገለ ሲአርቲ ሲገዙ አንድ ነገር ይያዙ፦ የቱቦው፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው የመስታወት አካል፣ ጤና ከስሙ ይበልጣል። በአንድ ወር ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሞኒተሮች ቢኖሩ፣ አንዱ ቢሮ ውስጥ ቀን ከሌት በርቶ የከረመ፣ ሌላው መኖሪያ ቤት ማታ ማታ ብቻ የበራ ከሆነ፣ ዛሬ ዋጋቸው እኩል ሊሆን አይገባም። ልዩነታቸውን ደግሞ ከሻጩ አፍ አይሰሙትም፤ አብርተው፣ ተቀምጠው፣ በዓይንዎ ነው የሚያዩት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን ማየት የሚያስችሉ ናቸው።

1. ምን እንደሚሠሩበት ይወስኑ

ሥራዎ ደብዳቤ መጻፍ፣ ኤክሴልና ፊልም ከሆነ ያገለገለ ጠፍጣፋ ሞኒተር ይግዙና ይገላገሉ። ባለ 17 ኢንች ሲአርቲ ከ80 እስከ 100 ዋት ይበላል፤ ተመጣጣኙ ጠፍጣፋ ግን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዋት ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ በዩፒኤስ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሲአርቲ የሚያስፈልግዎ ዊንዶውስ 98 ወይም ዶስ የሚነሳበት አሮጌ ኮምፒዩተር ካለዎት፣ በዚያ ዘመን የተሠሩ ጌሞችን እንደ ጥንቱ ማየት ከፈለጉ፣ ወይም ፈጣን እንቅስቃሴ ሳይደበዝዝ እንዲታይዎ ከፈለጉ ነው። ጠፍጣፋ ስክሪን የተወሰነ የነጥብ ብዛት ስላለው 640 በ480 የሆነ ምስል ሲመጣለት ይለጥጠዋል፤ ፊደሉም ይደበዝዛል። ሲአርቲ እንዲህ ዓይነት ቋሚ ነጥብ የለውም፤ የመጣለትን መጠን እንዳለ ይስላል። ጥቁሩም ጥቁር ነው።

የድሮ ፕሌይስቴሽን ለመሰካት ከሆነ ሐሳብዎ ግን ይቆዩ። የቆዩ የጌም ማጫወቻዎች የሚልኩት ምልክት 15 ኪሎሄርዝ ገደማ ሲሆን አብዛኛው የኮምፒዩተር ሞኒተር ከ30 ኪሎሄርዝ በታች አይቀበልም። ለእሱ የሚሆነው ሲአርቲ ቴሌቪዥን ነው።

2. መጠኑን ከጠረጴዛዎና ከኪስዎ ጋር ያስተያዩ

በሲአርቲ ላይ የሚጻፈው ኢንች ከፕላስቲኩ ሥር የተደበቀውን መስታወትም ይጨምራል። 17 ኢንች የተባለው በዓይን የሚታየው 16 ኢንች ያህል፣ 15 ኢንች የተባለው 14 ኢንች ያልሞላ፣ 19 ኢንች የተባለው ደግሞ 18 ኢንች ያህል ነው። ስለዚህ ሜትር ይዘው ይሂዱና ምስሉ የሚያርፍበትን ብቻ ከጥግ እስከ ጥግ ይለኩ።

ለአብዛኛው ሰው 17 ኢንች ይበቃል። ክብደቱ ከ16 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል፤ ከፊት እስከ ኋላ 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቦታ ይፈልጋል። 19 ኢንቹ ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ቀጫጭን እግር ያለው ጠረጴዛ አይመከርም። ገንዘብዎ ውስን ከሆነ የደከመ 19 ኢንች ከመግዛት ጤነኛ 17 ኢንች ይግዙ። በደበዘዘ ስክሪን ላይ የሁለት ኢንች ትርፍ አይጠቅምም።

3. ዞር አድርገው የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ

ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ከሻጩ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ሦስት ነገር ይፈልጉበት።

አንደኛ፣ የተመረተበት ወርና ዓመት። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠራውን ይምረጡ፤ በዕድሜም ያንሳል፣ በፍጥነትም የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ ቮልቴጁ። “100–240” የሚል ከሆነ በኢትዮጵያው 220 ቮልትም፣ በአሜሪካው 120 ቮልትም ይሠራል። ከ120 ያልዘለለ ከሆነ እዚህ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት ይቃጠላል።

ሦስተኛ፣ የሞዴል ቁጥሩ። በስልክዎ ቢፈልጉት የሚቀጥለው ደረጃ ላይ የሚያስፈልግዎትን የኪሎሄርዝ ቁጥር ያገኛሉ።

ፊቱ ላይ ቲሲኦ 95 ወይም ቲሲኦ 99 የሚል ምልክት ካለም ጥሩ ነው። የስዊድን መለኪያ ሲሆን በጨረርና በኃይል ፍጆታ ረገድ ከቀድሞው ኤምፒአር 2 መለኪያ የጠበቀ ነው።

4. የኪሎሄርዙን ቁጥር ይጠይቁ

ማስታወቂያዎች “እስከ 1280 በ1024 ያሳያል” ይላሉ። ማሳየቱ እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን ዓይን ሳይወጋ ማሳየቱ ላይ ነው። የኤሌክትሮኑ ጨረር ምስሉን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ይስላል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ሲስል ብዙ ሰው ብልጭ ድርግም ሲል ያየዋል፤ ራስ ምታትም ያመጣል። 75 ሄርዝ ይቻላል፤ 85 ሄርዝ ግን የሚያሳርፍ ነው።

ሞኒተሩ 85 ሄርዝ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው በሰከንድ ስንት ሺህ መስመር መሳል መቻሉ ነው፤ ኪሎሄርዝ የሚባለውም ይኸው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመስመሩን ብዛት በሄርዙ ያባዙ፣ ከዚያ አምስት በመቶ ይጨምሩበት። ለምሳሌ 768 በ85 ሲባዛ 65,280 ይሆናል፤ አምስት በመቶ ሲጨመር 69 ሺህ ይጠጋል። የተለመዱት እነዚህ ናቸው፦

• 800 በ600፣ 85 ሄርዝ፦ 54 ኪሎሄርዝ ገደማ
• 1024 በ768፣ 75 ሄርዝ፦ 60 ኪሎሄርዝ
• 1024 በ768፣ 85 ሄርዝ፦ 69 ኪሎሄርዝ ገደማ
• 1280 በ960፣ 85 ሄርዝ፦ 86 ኪሎሄርዝ ገደማ
• 1600 በ1200፣ 85 ሄርዝ፦ 106 ኪሎሄርዝ ገደማ

ስለዚህ “30–70 ኪሎሄርዝ” የሚል 17 ኢንች ለ1024 በ768 ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ አይለፉበት። 95 ኪሎሄርዝና ከዚያ በላይ የሚል ካገኙ ደረጃው ከፍ ያለ ዕቃ ነው። 1280 በ1024 የሚለውን ግን ይተዉት፤ የዚህ መጠን ቅርጽ ከሲአርቲው ቅርጽ ጋር ስለማይገጥም ክቡ ሞላላ ይሆናል። 1280 በ960 ትክክለኛው ነው።

5. ከመስታወቱ ኋላ ያለውን ወንፊት ይለዩ

ሁለት ዋና ዓይነት አለ። አንዱ ሻዶው ማስክ ይባላል፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ብረት ነው። ሌላው በቀጫጭን የቁም ሽቦዎች የተሠራ ሲሆን ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1968 ትሪኒትሮን ብሎ ያወጣው ነው፤ ሚትሱቢሺም በኋላ ዳያመንድትሮን በሚል ስም ሠርቶታል። ባለ ሽቦው ብርሃኑ ብዙ፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ለፎቶና ለጌም ይመረጣል። ባለ ቀዳዳው ርካሽ ነው፤ ደህናው ደግሞ ፊደልን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

በትሪኒትሮን ላይ ነጭ ገጽ ሲከፍቱ አንድ ወይም ሁለት እንደ ፀጉር የቀጠነ ግራጫ መስመር አግድም ያያሉ። ሽቦዎቹን የሚያረጋጋው ክር ጥላ ነው፤ ብልሽት አይደለም። እንዲያውም ቱቦው ከዚህ ዓይነት መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ ምልክት ነው።

በመስታወቱ ላይ ባሉት የቀለም ነጥቦች መካከል ያለው ርቀትም ይጻፋል። ለባለ ቀዳዳው 0.28 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ 0.25 ወይም 0.26 የተሻለ ነው። አንዳንዱ አምራች ሰያፉን ትቶ አግድሙን ብቻ ስለሚለካ 0.28 የሆነውን 0.24 ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለት ሞኒተር ሲያወዳድሩ የተለኩበት መንገድ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ገንዘብ ለመቆጠብ አንድ መንገድ አለ። የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ቱቦውን ከሌላ እየገዙ የራሳቸውን ስም ይለጥፉበት ነበር። ለምሳሌ ዴል ፒ1130 የተባለው 21 ኢንች ውስጡ የሶኒ ትሪኒትሮን ነው። ሁሉም ሰው “ሶኒ” የሚለውን ስም ሲያሳድድ እርስዎ ተመሳሳዩን ቱቦ በሌላ ስም በርካሽ ሊያገኙ ይችላሉ።

6. መሞከሪያዎን ይዘው ይሂዱ

ሻጩ ጋ ያለው ኮምፒዩተር ላይ አይተማመኑ። ቪጂኤ መውጫ ያለው ላፕቶፕ ይያዙ፤ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ትንሽ መቀየሪያ ይጨምሩ። በፔይንት ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ግራጫ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴና ሙሉ ሰማያዊ ሥዕሎች ያዘጋጁ። በጥቁር ላይ በነጭ መስመር የተሰመረ የካሬ መረብም ይጨምሩ። በመጨረሻ በትንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ አማርኛ።

ቤት ያለው ኮምፒዩተርዎ ቪጂኤ መውጫ እንዳለውም ይመልከቱ። አዳዲስ የምስል ካርዶች ይህን ትተዋል፤ ከኤንቪዲያ በኩል ለምሳሌ አናሎግ (ለቪጂኤ የሚሆን) መውጫ ያላቸው የመጨረሻዎቹ የጂፎርስ ጂቲኤክስ 900 ተከታታይ ካርዶች ናቸው።

7. አብርተው ግማሽ ሰዓት ይታገሡ

ሱቅ ሲደርሱ መጀመሪያ የጀርባውን ክዳን በእጅዎ ይንኩት። ሞቆ ከጠበቀዎት ሻጩ አስቀድሞ አሙቆታል፤ ሲነሳ የሚታየውን ችግር አያዩትም ማለት ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ “ወንድሜ፣ ይህን አብራልኝ፤ እስኪሞቅ ሌላውን ልይ” ይበሉ። ሲነሳ “ድም” የሚል ድምፅ ጤነኛ ነው፤ ቱቦው የያዘውን ማግኔት የሚያጠፋበት ነው። ቶሎ ቶሎ ጠጠጠ የሚል ድምፅ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለ ግን ዋጋ ሳይጠይቁ ይውጡ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወንበር ስበው ይቀመጡና በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

ጥቁሩ። ብራይትነሱን መሃል ላይ አድርገው ሙሉ ጥቁሩን ይክፈቱ፤ ከተቻለ የሱቁን መብራት ያስጠፉ። ጥቁር መሆን አለበት። ግራጫ ወይም አረንጓዴ ጭጋግ ከመሰለና ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ከታዩበት የውስጡ ቮልቴጅ ተዛብቷል። ባለሙያ ያስተካክለው ይሆናል፤ እርስዎ ግን ለጥገና አልወጡም።

ነጩ። ሙሉ ነጭ ይክፈቱ። ብርሃኑ ደማቅ እንዲሆን ኮንትራስቱን ጫፍ ድረስ መግፋት ካስፈለገዎት ቱቦው ደክሟል። ጤነኛ ቱቦ ትርፍ ብርሃን አለው። ጥግ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ካዩ ከሞኒተሩ ዝርዝር “ዲጋውስ” የሚለውን፣ ማለትም ማግኔት ማጥፊያውን፣ ይጫኑ፤ ካልጠፋ አጠገቡ ማግኔት ያለው ስፒከር መኖሩን ይዩ።

ፊደሉ። ጥራትን የሚፈትን ከአማርኛ ፊደል የተሻለ የለም። ገጹን በትንሽ መጠን ይክፈቱና “ሰ”ን ከ“ሸ”፣ “ተ”ን ከ“ቸ”፣ “ጠ”ን ከ“ጨ” ይለዩ። ልዩነታቸው አንዲት ቀጭን ጭረት ናት። መሃሉ ላይ ጭረቷ ከግንዱ ጋር ከተለወሰች ትኩረቱ ጠፍቷል። ያንኑ ጽሑፍ ወደ አራቱም ጥግ እየጎተቱ ይድገሙት፤ ጥግ ላይ ጥቂት መላላት የተለመደ ነው።

መረቡ። ነጮቹ መስመሮች በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ ካወጡ ሦስቱ ጨረሮች አንድ ቦታ ላይ አያርፉም። ይህ ጠርዝ መሃሉ ላይ መኖር የለበትም። መስመሮቹ ቀጥ ማለታቸውን በወረቀት ጠርዝ ይለኩ፤ ጎበጥ ካሉ በቁልፎቹ ለማስተካከል ይሞክሩ። በዚህ አጋጣሚ ቁልፎቹ ሁሉ መሥራታቸውን ያያሉ።

ትንፋሹ። ጥቁሩንና ነጩን ሥዕል እያፈራረቁ ጠርዙን ይመልከቱ። ምስሉ በነጩ ጊዜ በግልጽ ከሰፋና በጥቁሩ ጊዜ ከጠበበ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል አርጅቷል።

ጠባሳው። ሙሉ ግራጫውን ይክፈቱና የአሮጌ ጽሑፍ ወይም የሠንጠረዥ ጥላ ይፈልጉ። ለዓመታት አንድ ገጽ ከፍተው የተዉት ሞኒተር ያ ገጽ ታትሞበት ይቀራል፤ መድኃኒት የለውም። ከዚያ አጥፍተው መስታወቱን በመስኮት ብርሃን አግድም ይዩት፤ የተላጠ ሽፋንና ጭረት በዚያ ይወጣል።

ገመዱ። ከሦስቱ ቀለሞች አንዱ ከጎደለ የቪጂኤውን ጫፍ ይመልከቱ። ከመሃለኛው ረድፍ አንድ መርፌ አለመኖሩ የተለመደ ነው። ከላይኛው ረድፍ የተሰበረ ካለ ግን ቀለሙ የጠፋው በእሱ ነው፤ ገመዱ ከሞኒተሩ የማይለይ ከሆነ ይተዉት።

8. ምን ይለፉ፣ ምን አይለፉ

የገረጣ ፕላስቲክ፣ አቧራ፣ ትንሽ የተጣመመ ምስል፣ ጥግ ላይ የሳሳ ጥራት፣ የትሪኒትሮን ግራጫ መስመር፤ እነዚህን ይለፉ፤ ለዋጋ መከራከሪያ ግን ያድርጓቸው። የደበዘዘ ብርሃን፣ መሃሉ ላይ የተለወሰ ፊደል፣ የታተመ ጥላ፣ የሚዘል ምስል፣ የሚንጣጣ ድምፅ፤ እነዚህን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። “ኦሪጅናል ነው፣ ማንም አልነካውም” መባሉ አይለውጣቸውም።

ከፍተው ለማየትም አይሞክሩ፤ ለሻጩም አይፍቀዱ። ቱቦው ውስጥ ያለው ኃይል 25,000 ቮልት ይደርሳል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል።

9. ዋጋውን በልክ ይጥሩ

በዚያው ሰፈር ያገለገለ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጠፍጣፋ ሞኒተር ስንት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ተራ ሲአርቲ ከዚያ መብለጥ የለበትም፤ ፈላጊው ጥቂት ነው፣ ሻጩም የያዘበትን ቦታ ይፈልገዋል። የመጓጓዣውን ሂሳብ ከዋጋው ላይ ይደምሩ። የጥገና ቤቶች መጋዘን፣ ዕቃ የሚቀይሩ መሥሪያ ቤቶች ጨረታና ቁራሌው ከሱቅ የረከሰ ምንጭ ናቸው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ብዙ ሰው ማስወገዱ ስለሚያስቸግረው በነጻ እንደሚሰጥ እወቁ፤ ሲሰጧችሁም ከላይ ያለውን ፈተና አትዝለሉ።

10. ሲያጓጉዙና ሲያስቀምጡ

ክብደቱ ያለው ከፊት ነው። ስለዚህ መስታወቱን ወደ ደረትዎ አዙረው ይሸከሙ፤ መኪና ላይ መስታወቱ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ዞሮ በብርድ ልብስ ይታሰር። ከብርድ ወደ ሙቀት ከገባ ሳይሰኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት።

ከውጭ ላመጣ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የምድር መግነጢስ የኤሌክትሮኑን ጨረር ይገፋዋል፤ ፋብሪካዎችም ሞኒተሩን የሚሸጥበትን አካባቢ እያሰቡ ያስተካክሉት ነበር። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይህ ኃይል ወደ ታች የሚስብ ብርቱ ነው። የምድር መግነጢስ ወገብ ግን ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ በእኛ አገር ወደ ታች የሚስበው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ እዚያ ንጹሕ የነበረ ቀለም እዚህ ጥግ ላይ ሊበከል ይችላል። መጨረሻ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ካደረጉት በኋላ ዲጋውስ ያድርጉት፤ አቅጣጫውን በቀየሩ ቁጥርም ይድገሙት። የቀለም ማረፊያ ማስተካከያ በዝርዝሩ ካለው በእሱ ይጨርሱት።

ከዚያ ስታቢላይዘር ይግዙለት፣ ከስፒከር ያርቁት፣ የላይኛውን ቀዳዳ በጨርቅ አይሸፍኑት። ዊንዶውስ ውስጥ ገብተው 85 ሄርዝ መምረጥዎን አይርሱ፤ ብዙ ሰው ጥሩ ሞኒተር ገዝቶ በ60 ሄርዝ ዓይኑን ይጎዳል። መስታወቱን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ አልኮል ሽፋኑን ይልጠዋል።

ምርጫው ከከበደዎ በዚህ ቅደም ተከተል ይፍረዱ፦ መጀመሪያ ብርሃኑና የፊደሉ ጥራት፣ ቀጥሎ ኪሎሄርዙ፣ ከዚያ መጠኑ፣ በመጨረሻ ስሙ። በመጀመሪያው የወደቀ በአራተኛው አይነሳም።

ሞኒተሩ አንድ ቀን ሲሞትብዎም ኃላፊነትዎ አላበቃም። መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለበት፤ ኋላው ላይ ያለውን መዳብ ለማውጣት ቱቦውን በድንጋይ የሚሰብር ልጅ ያንን አቧራ ይተነፍሳል። ሳይሰበር የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበል አካል ወይም ለመለዋወጫ ለሚፈልገው የጥገና ባለሙያ ያስረክቡት።